የመንግሥትና የሕዝብ ጓሮ

ጅማ ውስጥ 11 ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ስድስት አከራይ አይቻለሁ። አንዱ አምፖል ይቆጥር ነበር። አንዷ ሻወር ስገባ ውጭ ቆማ ትስላለች፤ ሳሉ «ውሃው ይበቃሃል» ማለት ነው። የመጨረሻው ሰውዬ ደግሞ እንግዳ ሲመጣብኝ አብሮ ገብቶ ይቀመጣል። እንግዳው ሳይወጣ አይነሳም። አማቴ መጥተው ሦስት ቀን ቢቀመጡ እሱም ሦስት ቀን አብሮን ምሳ በላ። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ስነሳ ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር። በሬን ዘግቼ፣ ማንም የማይደርስብኝ ጓሮ ውስጥ ለብቻዬ መቀመጥ።

ይህንን ለደላላው ነገርኩት። ለደላላ ፍላጎት መንገር ግን ትርፍ ድካም ነው። እሱ የሚያሳየው ያለውን ነው። «ከአስፋልት 200 ሜትር» ይላል። 200 ሜትሩ ለወፍ ነው፤ እግረኛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ቦይ ዘሎ፣ ዳገት ይወጣል። «ከዩኒቨርሲቲው 5 ደቂቃ» ይላል። እውነቱን ነው። በባጃጅ፣ ያውም ቁልቁለቱን። «ለኑሮም ለንግድም ይሆናል» ካለ ለሁለቱም አይሆንም ማለት ነው። ኪቶ አካባቢ ያሳየኝን አንዱን ቤት «ቪው አለው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል» አለኝ።

«የት ጋ ሆኜ ነው የማየው?»

«ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ።»

ቆርቆሮ ላይ እየወጣሁ ቤተ መንግሥት የማይበት ዕድሜ አልፎኛል። ይቅርብኝ አልኩት። አልተቀየመም። «ንጉሡ ጅሬን ላይ የሠሩት በከንቱ መሰለህ ወንድሜ? አየሩን አይተው እኮ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ወሰደኝ።

የሚቀጥለውን ቤት ወደድኩት። ችግሩ ያየሁት በጥር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጅማ ያደገ ሰው ሲያነብ ከንፈሩን ይመጣል። ጅማ ዝናብ የምታርፈው ለትንሽ ጊዜ ነው። ቤት ሻጭ ያቺን ትንሽ ጊዜ ያውቃታል። ፀሐይ ወጥቷል፣ አፈሩ ደርቋል፣ ቡናው ጓሮ ላይ ተሰጥቷል። ሻጩ ደግሞ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። «ግቡ ልጆቼ» ብለው እኔንና ባለቤቴን በጅማ በርጩማ ላይ አስቀመጡን። ያቺ ከአንድ ግንድ የምትጠረብ፣ ሦስት እግር ያላት። እንዴት ያለ ባህል አክባሪ ሰው ነው ብዬ አደነቅኩ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ የፈለገውን ያህል ቢጣመም እንደማይወዛወዝ ያወቅኩት ባለ አራት እግር ጠረጴዛችንን ካስገባን በኋላ ነው። ዛሬም ከአንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን አለ። ሾርባ የምንበላው ተጠንቅቀን ነው።

ቀብድ ከሰጠሁ በኋላ ጓሮውን ደግመን ልናይ ሄድን። ቆመን ሳለ አንዲት ሴትዮ ጀሪካን ይዘው በኋላ በር ገቡ። «አካም ኦልቴ?» ብለው ሰላምታ ሰጡንና በፊት ለፊት በር ወጡ።

«ማን ናቸው?» አልኳቸው ሻጩን።

«አላፊ ናቸው።»

ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ ሁለት በግ እየነዳ በዚያው አለፈ። እሱም አላፊ ነው። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ይሄ ጓሮ ነው መንገድ?» አለች በሹክሹክታ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ ሰዓቱ ግን አልፏል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢቀይር ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኔ መቀየር አልቻልኩም። ሽማግሌውም የሚቀይሩ አይመስሉም፤ እንዲያውም ቡናቸውን ከጓሮ መሰብሰብ ጀምረዋል።

ውል ተዋዋልን። ስም አዛወርን። ደላላው ከሁለታችንም ሁለት ሁለት በመቶውን ቆርጦ «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ትመርቀኛለህ» ብሎኝ ሄደ። መሬት መቼም አይሸጥም አይለወጥም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቦታው የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። እኔ የገዛሁት ቤቱን ነው። የመንግሥት ድርሻ ግልጽ ነው፤ ካርታው ላይ ማኅተሙ አለ፣ በየዓመቱም ግብሩን ይጠይቃል። የሕዝቡ ድርሻ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ውሉ ላይ አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሕዝቡ ቅዳሜ ጠዋት መጣ።

መጀመሪያ የመጡት በደስታ ነው። «ቤት ለእምቦሳ!» ይላሉ። «እምቦሳ እሰሩ!» እንላለን። ድፎ ዳቦ ያመጣ አለ። ከቤቱ ደጃፍ የለቀመውን ቡና በሰፌድ ያመጣ አለ። የጎን ጎረቤታችን ሐጂ ማር ይዘው መጡና ቤቱን መረቁልን። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። 11 ዓመት ስንከራይ «እምቦሳ እሰሩ» ያልንበት ቀን አልነበረም። እምቦሳ ቀርቶ ድመት አይፈቀድልንም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። አራት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል።

«ድንኳኑን ልንወስድ ነበር።»

«የምን ድንኳን?»

ሽማግሌው ሲወጡ ሰርቪሱን ቆልፈው «ትንሽ ዕቃ አለችኝ» ብለውኝ ነበር። ሰዎቹ የራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ከፈቱት። ትንሿ ዕቃ የእድሩ ድንኳን፣ 80 የፕላስቲክ ወንበር፣ አራት ትልልቅ ብረት ድስት፣ አንድ ጆንያ ሙሉ የድንኳን ካስማና ጥሩምባ ናት።

ሊቀመንበሩን ማታ አገኘኋቸው። እኔ ገና የእድሩ አባል እንዳልሆንኩ በትሕትና አስረዳሁ። ሳቁ። «ንብረት ክፍል እኮ በምርጫ አይደለም ልጄ። ዕቃው ያለበት ቤት ነው ንብረት ክፍል። አንተ ቤቱን ስትገዛ ሹመቱም አብሮ ዞረልህ» አሉኝ። ስም ማዛወሪያ ስከፍል ይኼኛው ስም መካተቱን ማንም አልነገረኝም። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡን አነበቡልኝ። ዕቃ ወጥቶ ሲመለስ ንብረት ክፍሉ ይቆጥራል። ከጎደለ ንብረት ክፍሉ ይቀጣል። መመዝገቢያውንም እዚያው ከፈልኩ፤ አባል ያልሆነ ሹም አይቀጣማ።

የካቲት ሲያልቅ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ እንኳን ሰው ከሰው፣ ሐሳብም ከራሱ ጋር አይሰማማም። መሐል ሳሎን ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ባልዲ ልዋስ ሐጂ ቤት ሮጥኩ። ሐጂ ገና በር ሳልገባ ባልዲውን ይዘው ቆመዋል።

«መሐል ላይ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«አባ ጅፋር ዋንጫ የበላ ዓመት ነው ማፍሰስ የጀመረው። ያኔ ልጆቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ጨፈሩበት።»

የጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2010 ነው። ማለት የኔ ሳሎን ለዓመታት ሲያፈስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቦታውን እየጠቆመ ሲነጋገር ኖሯል ማለት ነው። ታዲያ እኔ ቤቱን ሳይ፣ በአጥር ላይ ሰላም ስንባባል፣ ምነው ዝም አላችሁ? ሐጂ በጣም ተገረሙ። «የሰው ገበያ ይበላሻል እንዴ? ነውር ነው። ደግሞ አንተ ባትገባ ማን ይገባ ነበር?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም። እሳቸው ግን በማግስቱ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ጣሪያውን ደፈኑልኝ። ሙቀጫ የሚያህል ድንጋይም ጫኑበት፤ አሁን የሚያፈሰው ትንሽ ወደ ግራ ነው።

ስለ አቮካዶው አላነሳሁም። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ካርታው ላይ በኔ ስም ነው። ነገር ግን የምሥራቁ ቅርንጫፍ የጎረቤታችን የእትዬ ነው፤ «ችግኙን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። በስተደቡብ ያለውን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያራግፉታል። ለኔ የተረፈኝ ቅጠሉን መጥረግ ነው። አንድ ቀን ለክብሬ ስል የኋላውን በር በቁልፍ ዘጋሁት። ባለጀሪካኗ ሴትዮ ቆመው በሩን አዩት። አልተናደዱም። «አሟችኋል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። በግ ነጂው ልጅ አጥሩን አንስቶ በጎቹን አሳለፈ፣ አጥሩንም እንደነበረ መለሰው። ማታ ሦስት ሽማግሌ መጡ። ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ በሩ ተዘግቶ ስላዩ።

ያኔ ነው ከጅሬን ኮረብታ ምክር የወሰድኩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ጉልበተኛ ጎረቤት መጣባቸው። ምኒልክ ናቸው። አባ ጅፋር አልተዋጉም። ገበሩ። ግብራቸውን እየሰደዱ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቀመጡ፤ በርካታ የተዋጉ ነገሥታት ያን ሁሉ ዘመን አላገኙም። እኔም ገበርኩ። በሩን ከፈትኩት። ምሥራቁን ለእትዬ፣ ደቡቡን ለተማሪዎች፣ መተላለፊያውን ለበጎቹ።

ከገበሩ በኋላ ኑሮው ይጥማል፣ አልዋሽም። ቡናው ተራ ነው። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ማታ ይጠጣል፣ ረቡዕ እኛ ቤት ነው። በእርግጥ ረቡዕ ቢባልም ጓሯችን መተላለፊያ ስለሆነ፣ የሚያልፈው ሁሉ «ኑ ቡና ጠጡ» ስለሚባል፣ እኛ ቤት በየቀኑ ረቡዕ ነው። አቦሉን የጠጣው ቶናውን ሳይጠብቅ ይሄዳል፣ ሌላው በረካ ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ 11 ዓመት ያላወራችውን እያወራች ነው። እኔም ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ የት እንደተመደበ፣ የማን ባጃጅ ሞተር እንደበላ አውቃለሁ። ሥራ ቦታ ይህን ያህል መረጃ የለኝም።

በሚያዝያ አጎቴ አረፉ። መርዶው ከነገሩኝ ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ድንኳኑ ተተክሏል። መቼም ሩቅ አልመጣም፤ ከሰርቪሱ አምስት እርምጃ ነው። ሦስት ቀን እህል ውሃ አላጣንም። ሐጂ ከመስጊድ፣ ሊቀመንበሩ ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ለብቻዬ አልተዉኝም። ለብቻ መቀመጥ መፈለጌን የረሳሁት ያኔ ሳይሆን አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ሊቀመንበሩ ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብለው «ዓይንህን ጠርገህ ወንበሩን ቁጠር» አሉኝ። በራሴ ለቅሶ ላይ ወንበር ቆጠርኩ። 79። ደግሜ ቆጠርኩ። 79። ቅጣቱን ከፈልኩ፤ ደንብ ደንብ ነው፣ ሐዘንተኛ አይልም።

ባለፈው ሳምንት ማታ የኋላው በር ተንኳኳ። ማንኳኳታቸው ራሱ ገረመኝ።

«ቤት ለእምቦሳ!»

«እምቦሳ እሰሩ!» አልኩ ከውስጥ፣ እንደ ልማዴ።

እትዬ ናቸው። በአንድ እጃቸው በገመድ የታሰረች እምቦሳ ይዘዋል። ላማቸው ወልዳለች። «ከእናቷ ካላራቅኳት ወተቱን ታሟጥጥብኛለች። ለጥቂት ሌሊት ነው» ብለው ቀጥታ ወደ አቮካዶው ሄዱና ምሥራቁ ላይ አሰሯት። በሌላ እጃቸው የፕላስቲክ ወንበር አለ።

«እትዬ፣ ይቺ ወንበር የእድሩ አይደለችም?»

«ናት መሰለኝ። ሳልብ እቀመጥባት ነበር።»

«እኔ እኮ ተቀጥቼባታለሁ!»

እትዬ ወንበሯን ገልብጠው ሥሯን አዩ። የእድሩ ቁጥር ተጽፎባታል። አሰቡ።

«ከተቀጣህባትማ ገዝተሃታል። እንግዲህ ያንተ ናት» አሉ። «እኔ ጋ ትቀመጥልህ።»

ወንበሯን ይዘው በጓሮዬ አልፈው ሄዱ።