ተኝቶ ያደረ ተመላላሽ

ቅዳሜ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ሁለተኛው ሳይቀዳ ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ቢል አወጡ። ባለፈው ወር ልባቸው ላይ ስቴንት፣ የጠበበ የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ አስገብተዋል። ድንገት ታመው አይደለም፣ በቀጠሮ ነው። በእጃቸው አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሠሩላቸው፣ አንድ ሌሊት አድረው ወጡ።

«ተመላላሽ ታካሚ ይለኛል! ጨው የሌለው ሾርባቸውን ጠጥቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግፊቴን ሲለኩ አድሬ፣ የት ነው የተመላለስኩት? ሽንት ቤት?»

ሳቅን። ታክሲ የሚነዳው ግን ተቆጣ። «አይክፈሉ ጋሼ! ዝም ካሏቸው ነገም ይመጣሉ።»

ነርሷ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የሚቆጠረው አልጋው አይደለም፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ነው።» ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ የሚመራው በሁለት እኩለ ሌሊት ነው። ሐኪሙ ሕክምናው ሁለት እኩለ ሌሊት ይሻገራል ብሎ ካመነ ተኝቶ ታካሚ ይባላሉ፤ አለዚያ በአብዛኛው ተመላላሽ ነዎት። ያኔ ሒሳቡ ተኝቶ ሕክምናን ከሚከፍለው የሜዲኬር ክፍል፣ ከፓርት ኤ፣ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን ወደሚከፍለው ወደ ፓርት ቢ ይዞራል፤ ቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶውን ለርስዎ ይተዋል። ቤትዎ የሚውጡትን የስኳር ክኒን እዚያ ቢሰጡዎት እንኳ ባብዛኛው አይሸፍንም። ቢሉን ዘርግተን አየን፤ ክኒኗ ለብቻዋ ተጽፋለች።

«ታዲያ አንድ ቀን ልጨምር ማለት ነበረባቸው?» አለች የቤቱ እመቤት፣ ጀበናውን እንደያዘች።

«ያለ ሕክምና ምክንያት መተኛት አይቆጠርም» አለች ነርሷ። «ደግሞ የጋሼ ቀላል ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ማገገሚያ የሚገባ ሰው፣ መደበኛው ሜዲኬር እንዲከፍልለት ሦስት ተከታታይ ቀን በተኝቶ ታካሚነት መመዝገብ አለበት። ለክትትል እየተባለ አምስት ቀን ቢተኛም ዋጋ የለውም። ብቻ አስቀድመው መጠየቅ ነበረብዎት።»

በሕጉ ነርሷ ልክ ናት። በአንድ ሌሊት ወደ ቤት መግባትም ደስ የሚል ነገር ነው። «መጠየቅ ነበረብዎት» ያለችው ላይ ግን አልስማማም። ልቡን ሊነኩበት የሄደ ሰው ስለ ፓርት ቢ ያስባል? ሆስፒታሎች ተኝቶ ታካሚ አይደለህም ብለው በጽሑፍ እንዲነግሩ የሚያስገድደው ሕግ፣ ከ24 ሰዓት በላይ በክትትል ለቆየ ሰው ነው። ጋሼን አልደረሳቸውም። የቀጠሮ ሕክምና ደግሞ ጊዜ አለው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ እንዳይቀምሱ ብሎ ሁለቴ የደወለላቸው ቢሮ፣ «ቢያድሩም በተመላላሽ ነው የምናስመዘግብዎት» ለማለት ምን አነሰው?