መድኃኒት ላይ ያለች እናት፣ ዶሮ አትንጭ

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዋዜማ አክስቴ ቤት ነበርኩ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። ልጆቿ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ሦስት ዶሮ ገዝተው፣ እዚያው አርደው አመጡ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የፈላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ገልብጣ ላባውን መንጨት ጀመረች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል። እርጥብ ላባ ክንዷ ላይ ተለጥፏል።

አክስቴ ኩላሊት ከተተከለላት አራት ዓመቷ ነው። ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው፣ በሽታ የመከላከል አቅሟን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። ያን ቀን ግን «ተዪው» ያላት ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

ያ ቀን ትዝ ያለኝ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ነው። እዚሁ ግዛት፣ ግሬይስ ሃርበር በሚባል ካውንቲ አንድ አዛውንት ዶሮንም በሚይዘው የወፍ ጉንፋን ሞቱ። ኤች 5 ኤን 5 የተባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት ሰው ላይ ሲገኝ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እኚህ ሰው ጓሯቸው ውስጥ ወፎች ያረቡ ነበር። የቆየ ሕመምም ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ሉዊዚያና በተባለው ግዛት ውስጥ በሌላው ዓይነት፣ በኤች 5 ኤን 1፣ የሞቱት ሰውም እንዲሁ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ፣ ጓሯቸው ወፎች፣ ሌላ ሕመም ያለባቸው። በ2024 ሜክሲኮ ውስጥ ኤች 5 ኤን 2 ተገኝቶባቸው የሞቱት የ59 ዓመት ሰው ደግሞ የኩላሊትና የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ።

በእያንዳንዱ ዜና መጨረሻ ላይ «ለአጠቃላዩ ሕዝብ ያለው ስጋት ዝቅተኛ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ከ2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በወፍ ጉንፋን ከተያዙት ሰባ ገደማ ሰዎች አብዛኞቹ የወተት ላምና የዶሮ እርባታ ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ትንሽ አሟቸው ድነዋል። ግን አክስቴ ያን ዓረፍተ ነገር ሰምታ እፎይ ማለት የለባትም። ለካንሰር ኬሞ የሚወስድ፣ ስቴሮይድ ላይ ያለ፣ ኤች አይ ቪ ኖሮበት መድኃኒት ያልጀመረ ሰውም እንደዚሁ። ጤነኛ ሰው በሳምንት የሚገላገለው ጉንፋን እነሱ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት እንኳ ላይታይባቸው ይችላል።

ይህ ደግሞ የሁላችንም ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከሉዊዚያናው ሕመምተኛ የተገኘውን ቫይረስ ከወፎቻቸው ቫይረስ ጋር አስተያይቶ ነበር። ወፎቹ ላይ የሌለ ለውጥ ሰውየው ላይ አገኘ። ለውጡ የመጣው እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አቅም ባጣ ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ በቆየ ቁጥር፣ ሰውን የሚለማመድበት ጊዜ ያገኛል ማለት ነው።

ስለ ዶሮ ወጡ አትስጉ። 74 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ሥጋ ላይ ቫይረሱ አይተርፍም፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚንተከተክ ታውቃላችሁ። ጣጣው ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው። ደሙ፣ ላባው፣ ሆድ ዕቃው፣ ኩሱ። ግብፅ ውስጥ ከ2006 ወዲህ ከ350 በላይ ሰዎች በኤች 5 ኤን 1 ተይዘዋል። ከነሱ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ፣ የሚያርዱና የሚነጩ ሴቶች፣ እንዲሁም ሕፃናት ናቸው። ያ ጓዳ ከእኛ ጓዳ አይለይም።

አክስቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ ተሰጥቷታል። በእንግሊዝኛ ነው። መሳቢያ ውስጥ፣ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጣዋለች። በሚገባት ቋንቋ ቁጭ ብሎ «በሕይወት ካለ ዶሮ፣ ከላባና ከደም ራቂ» ያላት የለም። በዚህ በጣም አዝናለሁ። አስተርጓሚ ለቀጠሮ ይገኛል፤ ለዚህ ለምን አይገኝም? እኛ የምናነብላትስ የት ነበርን?

ደግሞ መንገሩ ቀላል አይደለም። እጇ የታወቀ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት እንደሷ አድርጎ የሚያወጣ የለም። «አንቺ አትንኪ» ስትላት፣ ከጓዳዋ እንዳባረርካት፣ ታማሚ እንዳደረግካት ይሰማታል። ስለዚህ አቀራረቡ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ማረዱንና መንጨቱን ጤነኛ ሰው፣ ውጭ፣ ጓንትና ማስክ አድርጎ ይሥራው። እሷ ሽንኩርቱን ታቁላላ። ወፍ ከነካች በኋላ ሳል ወይም የዓይን መቅላት ከመጣባት ደግሞ ሳትውል ሳታድር ትደውል፤ ለሐኪሙም «ዶሮ ነክቻለሁ» ትበል። ካላለች ማን ይጠረጥራል? ታሚፍሉ የተባለው የጉንፋን መድኃኒት የበለጠ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ዘንድሮ ለገና ልጆቿ ዶሮዎቹን እርሻው ላይ ነጭተው፣ አጽድተው አመጡ። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስቀመጥንላት። አንዱን ብልት ከሩቅ አየችና፣ «ይሄ ላባ አልለቀቀም፤ መልሱት» አለች። መለሱት።