የቬጋስ የመጀመሪያ ዓመት ስጦታ አልነበረም

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ የአዲስ ቡድን ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ቅሬታ አብሮ ይነሳል። ላስ ቬጋስ የገባው ጎልደን ናይትስ በ2017/18 በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ ለሊጉ ዋንጫ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ የደረሰው ሊጉ ያወጣው የተጫዋች መምረጫ ደንብ ከልክ በላይ ስላደላለት ነው ይባላል። ይህን አልቀበልም። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ቀጣዩም ከተማ ሊያገኘው ይገባል።

በደንቡ መሠረት ነባሮቹ 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው ሰባት አጥቂ፣ ሦስት ተከላካይና አንድ ግብ ጠባቂ፣ ካሻቸውም ማንኛውንም ስምንት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ እንዳይነካባቸው ማስመዝገብ ይችሉ ነበር። ቬጋስ ከተረፉት መካከል ከየክለቡ አንድ ሰው ብቻ ወሰደ። አንድ ክለብ ሰዎቹን በትክክል ከመዘነ፣ ያጣው ቢበዛ አሥረኛውን ወይም አሥራ ሁለተኛውን ሰው ነው። ለዚህም የቬጋሱ ባለቤት ቢል ፎሊ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ገንዘቡን የተከፋፈሉትም እነዚያው 30 ክለቦች ናቸው። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ተቀብሎ ሲያበቃ «አደላችሁለት» ማለት ምን ይሉታል?

ነባሮቹን የጎዳቸው የራሳቸው ፍርሃት ነው። ኮሎምበስ ሌሎች ተጫዋቾቹን ላለማጣት ሲል ቬጋስ አጥቂውን ዊልያም ካርልሰንን እንዲወስድለት ለመነ፤ እጅ መንሻ ይሆን ዘንድም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በሚመርጡበት ሥርዓት ያለውን የአንደኛና የሁለተኛ ዙር የምርጫ መብት አስረከበ። ካርልሰን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያስቆጠረው ስድስት ግብ ብቻ ነበር። በቬጋስ 43 አስቆጠረ። የፍሎሪዳው ደግሞ ይብሳል። 30 ግብ ያስቆጠረለትን ጆናታን ማርሸሶን ያለ ጥበቃ ተወው፤ የሬይሊ ስሚዝ ደመወዝ ስለከበደውም እሱን በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ሰጠ። ሦስቱ በአንድ ሰልፍ ተሰልፈው የቬጋስ ቀዳሚ የአጥቂ መስመር ሆኑ። አሠልጣኙ ጄራርድ ጋላንትም በ2016 ያሰናበተው ይኸው ፍሎሪዳ ነው፤ በቬጋስ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ።

የተጫዋቾቹ ስሜት በየትኛውም ደንብ ውስጥ አልተጻፈም። ከሞላ ጎደል ሁሉም «አንተ ባትኖር አይጎድልብንም» ተብለው የመጡ ናቸው። ሦስት ጊዜ የስታንሊ ካፕ ባለቤት የሆነው ግብ ጠባቂ ማርክ አንድሬ ፍለሪ እንኳ፣ ፒትስበርግ እንዲወሰድለት የምርጫ መብት ጨምሮ የሸኘው ሰው ነበር። ፍለሪ ገና በጥቅምት ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሲወጣና ተተኪዎቹም ተራ በተራ ሲጎዱ፣ ቡድኑ አምስት ግብ ጠባቂዎችን እስከማሰለፍ ደረሰ። ማሸነፉን ግን አላቆመም። 51 ጨዋታ አሸንፎ በ109 ነጥብ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ይህን ጽናት የሚሰጥ የምርጫ ደንብ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን የማስበው ስለ ከተማዋ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2017 ማታ በላስ ቬጋስ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በተከፈተ ተኩስ በዚያች ሌሊት 58 ሰዎች ተገደሉ። በከተማዋ ታክሲ የሚያሽከረክሩ፣ በሆቴልና በካዚኖ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ያ ሐዘን የእነሱም ነበር። ቡድኑ የመጀመሪያውን የሜዳውን ጨዋታ ከአሪዞና ጋር ያደረገው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በሜዳው ዙሪያ ያሉት ማስታወቂያዎች ተነሱ። ተጫዋቾቹ ከሐኪሞች፣ ከፖሊሶችና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ሆነው ገቡ። ሕዝቡ ለ58 ሰከንድ በጸጥታ ቆመ። ለዓመታት በዚያች ከተማ የኖረው ተከላካይ ዴሪክ ኤንገላንድ ንግግር አደረገ፤ ጨዋታው ሲጀመር እሱ ራሱ አንድ ግብ አስቆጠረ፣ ቡድኑም ገና 11 ደቂቃ ሳይሞላ አራት ለዜሮ መራ። ያን ማታ ሜዳ ላይ የቆመው በየሳምንቱ ሊሸነፍ የተፈረደበት ቡድን ቢሆን ኖሮ፣ ሕዝቡ ክረምቱን ሁሉ ሌላ ሐዘን ሲመለከት ይከርም ነበር።

የድሮው ሥርዓት ይህን ነበር የሚፈርደው። ዋሽንግተን ካፒታልስ በ1974/75 ሲጀምር ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው ስምንቱን ብቻ ነው። ኦታዋ በ1992/93 ከ84 ጨዋታ 70 ተሸነፈ። ሴንት ሉዊስ በ1968 በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ መድረሱ እውነት ነው፤ ያኔ ግን ስድስቱ አዲስ ቡድኖች በአንድ ምድብ ስለታጎሩ ከመካከላቸው አንዱ ማለፉ አይቀርም ነበር። አንድ አባት ልጁን እያስከተለ ለዓመታት ቲኬት እየገዛ ሽንፈት ብቻ እንዲያይ ማድረግ፣ ስፖርቱን በአዲስ ከተማ ለማልመድ ከሁሉ የከፋው መንገድ ይመስለኛል።

ደንቡ ብቻውን ፍጻሜ እንደማያደርስ ደግሞ ሲያትል ክራከን አሳየ። በ2021 በዚያው ደንብ ገባ፤ የከፈለው 650 ሚሊዮን ዶላር ነው። ነባሮቹ ክለቦች ግን ከቬጋስ ተምረው እጅ መንሻ ማቅረቡን ትተው ነበር። ክራከን 27 አሸንፎ በ60 ነጥብ ዓመቱን ጨረሰ። በሁለተኛው ዓመት ግን የወቅቱን ሻምፒዮን ኮሎራዶን ከጥሎ ማለፉ አሰናበተ። ከዜሮ ለተነሳ ቡድን የሚገባው ዕድል ይህን ያህል ነው፤ መውደቅም መነሳትም የሚቻልበት።

በ2018 ፍጻሜ ቬጋስን 4 ለ 1 ያሸነፈው ያው ዋሽንግተን ነበር፤ ከተመሠረተ ከ44 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። ሊጉ ሌላ ከተማ ሲቀበል ደንቡን ለማጥበብ የሚጎተጉቱ የክለብ ኃላፊዎች አይጠፉም። ኮሚሽነሩ አይስማቸው። የ2017ቱ ደንብ እንዳለ ይቀጥል፤ የነባር ክለብ ሥራ አስኪያጆችም በጉያቸው ያለውን ተጫዋች ዋጋ ሌላው ሳይነግራቸው ይወቁ።