ልጆች አይገባቸውም ያለው ማነው?

ሰሞኑን የማርመው ለ10 ዓመት ልጆች የተጻፈ የአካባቢ ጥበቃ መጽሐፍ ነው። አንጀቴ አርሯል። «የተፈጥሮ ሀብት መመናመን በሥነ ምህዳር ሚዛን ላይ የሚያሳድረው አሉታዊ ተጽዕኖ» ብሎ ይጀምራል። ግሱ የሚመጣው አራተኛው መስመር ላይ ነው! የትኛው ልጅ ነው እስከዚያ የሚታገሰው?

ሥዕሉ ደግሞ በረዶ ላይ የቆመ ድብ። ጎንደር ነን እኮ! ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያና ጭላዳ አሉ። ጣናን እምቦጭ ወርሮታል። ይህ ሁሉ እያለ ድብ?

እኔ ለከተማችን የመጠጥ ውሃ ስለሚያቀርበው አንገረብ ግድብ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ዝናቡ ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩን ጠርጎ ያመጣል። ደለሉ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ውሃ የሚይዘው ቦታ ይጠባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሳታሚው «ልጆችን ያስጨንቃል» ብሎ ሰረዘው።

ለጎረቤቴ ልጅ አስነበብኳት። 9 ዓመቷ ነው። ቢጫ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ በጣቷ መስመር እየተከተለች ጨረሰችው። «እትዬ፣ ታዲያ አፈሩ እንዳይሄድ ለምን ዛፍ አይተክሉም?» አለችኝ። ውሃ ልትቀዳ ሰልፍ የምትይዝ ልጅ ናት። የሚያስጨንቃት ሰልፉ ነው ወይስ ምክንያቱን ማወቋ?

ገጹን መልሼ አስገብቼ ልኬዋለሁ። ድቡንም አውጥቻለሁ።