ፖስታ የማይከፍት ጀግና

አሜሪካ በገባ በዓመቱ ከጤና ኢንሹራንስ የመጣለትን ፖስታ ሳይቀድ ፍሪጅ ላይ የሚከምር ሰው እስካሁን ሸላሚ አላገኘም። ግፍ ነው። የፖስታዋን ፕላስቲክ መስኮት ወደ መብራቱ አዘንብሎ ስሙን ብቻ ያነባል፤ «አዎ፣ የኔ ነው» ይላል፤ ከክምሩ ላይ ይደርበዋል። እንዲህ ያለ ራስን መግዛት ከስንቱ ይገኛል?

ችኩሉን ጎረቤቱን እዩት። ፖስታውን ቀዶ ይከፍታል፣ የዶላሩን ቁጥር ሲያይ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሮጦ ይከፍላል። ወረቀቱ ግን ኢንሹራንሱ ሒሳቡን እንዴት እንዳየው የሚያብራራ ነበር እንጂ የክፍያ መጠየቂያ (ቢል) አልነበረም። «ይህ ቢል አይደለም» ተብሎም ተጽፎበታል። የእኛ ጀግና እንዲህ ያለ ስሕተት ውስጥ አይገባም። እርግጥ ከፍቶት ቢሆን፣ ለምሳሌ ሆስፒታሉ 1,200 ዶላር እንደጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ከሆስፒታሉ ጋር በተዋዋለው ዋጋ ወደ 480 እንደወረደ፣ ኢንሹራንሱ 400 ከፍሎ ለእርሱ 80 ብቻ እንደቀረው ባየ ነበር። የሆስፒታሉ ቢል 1,200 ብሎ ሲመጣም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በደወለ ነበር። እሱ ግን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አያውቅም፤ የሚችለው መደረብ ነው።

ከክምሩ ሥር «ሌላ ኢንሹራንስ አለዎት?» የምትል ቅጽ ተኝታለች። የምትፈልገው አንድ ምልክት ነው፤ «የለኝም»። መልስ ስታጣ ኩባንያው «ቀድሞ መክፈል ያለበት ማን እንደሆነ አላወቅሁም» ብሎ ክፍያ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የደም ምርመራ ሁሉ በሙሉ ዋጋው ወደ ቤት ይመጣል። ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ያለበት ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ይግባኝ የሚልበት 180 ቀን አለው። ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ታክሞ ከሆነና ገቢው አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ቢል አንሥቶ ቢያንስ 240 ቀን ለቻሪቲ ኬር፣ ማለትም ሆስፒታሉ ሒሳቡን ለሚቀንስበት ወይም ለሚተውበት ዕርዳታ፣ ማመልከት ይችላል። ጀግናችን ሁለቱንም በጽሞና ያሳልፋቸዋል።

አልፎ አልፎ ሲጨንቀው የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይጠራል። ልጁ ማካፈል እየተማረ ነው፤ «ዲዳክተብል ማለት... በቃ ዲዳክተብል ነው፣ አባዬ» ይለዋል። አባትም በልጁ እንግሊዝኛ ይኮራል። ዲዳክተብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከገዛ ኪሱ የሚወጣው ገንዘብ መሆኑን ለማወቅ የኢንሹራንስ ካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ደውሎ «አማርኛ» ቢል በቂ ነበር፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው። ይህንኑ የሚናገር አማርኛ ከብዙዎቹ ደብዳቤዎች የመጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ታትሟል። ግን እዚያ ገጽ የደረሰ ማን አለ?

እንዲያውም ጓደኛ እያለ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? «ተወው ባክህ፣ እኔ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም» ብሎታል። ጓደኛው የሚኖረው ሌላ ስቴት ነው፤ ያለውም ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው ኢንሹራንስ ነው። ጀግናችን ያለው የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ምክርን ከመቀበል አላገደውም።

ሰሞኑን ፖስታው ቀርቶ ስልክ ሆኗል፤ ዕዳው ለኮሌክሽን፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ተላልፏል። እሱም አልተኛም፤ የሚደውሉለትን ቁጥሮች «አታንሣ 1»፣ «አታንሣ 2» እያለ በጥንቃቄ ይመዘግባል። አራተኛው ላይ ደርሷል።