ሳልገባ የገባሁበት ትምህርት ቤት

እናቴ በጥሪና በመቀበል መካከል ልዩነት አለ ብላ አታምንም። አንድ የአሜሪካ ቢዝነስ ስኩል ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ባመለከትሁ በሁለተኛው ወር ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ፣ ከነገርኋት ሁሉ «ጠሩኝ» የምትለዋን ብቻ ነጥላ ወሰደችና እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ለግማሹ ምእመን አዳረሰችው። ዲሴምበር ላይ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገቱን የደፋ የአልተቀበልንህም ኢሜይል ሲመጣልኝ፣ ዜናው አዲስ አበባ ደርሶ የእንኳን ደስ ያለህ ስልክ ሆኖ ተመልሶ ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኋት።

«ምን ይሻላል ትላለህ፤ ትገባለህ» አለችኝ።

እንግዲህ ዳግም ያመለከትሁት ለዕውቀት ጓጉቼ ሳይሆን የእናቴ ቃል መሬት እንዳይወድቅ ነው። የአጎቴ ልጅ «ቢሊየነሩን ዋረን ባፌትንም እኮ በ1950 ሃርቫርድ አልቀበልም ብሎታል» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ደጅ ሲጠና አልከረመም፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1951 ማስተርሱን ይዞ ወጣ። የሰንበቴ ማኅበርም አልነበረበትም።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዳግም አመልካችን ለብቻው የሚጠይቁት ጥያቄ አላቸው፤ ለምሳሌ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ቢዝነስ ስኩል ዋርተን ካለፈው ማመልከቻ ወዲህ ምን እንዳሰላሰለና ምን እንደተለወጠ በ250 ቃላት እንዲያስረዳ ይፈልጋል። እኔም ሰኞ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ «ባለፈው ዓመት ባለመመረጤ…» እያልሁ እጽፋለሁ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ «ትምህርቱ እንዴት ይዞሃል?» ለሚሉኝ አባቶች «ፈተና በዝቶብኛል» ብዬ እመልሳለሁ። አልዋሸሁም። ለቢዝነስ ስኩል መግቢያ ፈተናው ለጂማት በድጋሚ ተቀምጬ ከ640 ወደ 710 እስክወጣ ድረስ ያንን ወፍራም መጽሐፍ በብብቴ ይዤ ስዞር የከረምሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ለምን እንደ ወደቀ የገባኝ አንድ ጓደኛዬ ሲያነበው ነው። «በፈጣሪ እርዳታ ከባልደረቦቻችን ጋር በመሆን የአቅማችንን አበርክተናል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠና፣ «‹እኛ› የምትላቸው እነማን ናቸው? ሁላችሁንም ይቀበሉ?» አለኝ። ራሱን የሚያመሰግን ሰው ባለጌ ነው እየተባልሁ ላደግሁት ለእኔ «መራሁ፣ ወሰንሁ፣ አሳካሁ» ብሎ መጻፍ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ደግሞስ ምን መርቻለሁ? መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኤክሴል በቀር የሚታዘዘኝ የለም። በመጨረሻ የእቁባችን ዳኛ መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ሃያ ሰው አምስት አምስት መቶ እያዋጣ በየወሩ 10,000 ዶላር ያለ ባንክና ያለ ጠበቃ በእጄ ያልፋል። አንዱ አባል በሁለተኛው ወር ዕጣ ደርሶት መኪና ከገዛበት በኋላ ስልክ ማንሳት ቢያቆም፣ ዋሱንና የንስሐ አባቱን አስከትዬ ቤቱ ድረስ ሄድሁ። ሚስቱ ቡና አፈላች። አቦል ላይ ካደ፤ ቶና ላይ ኑሮ ተወደደ አለ፤ በረካ ላይ ቼክ ጻፈ። ይህንኑ አንድም ቦታ «እኛ» ሳልል ጻፍሁት። በሁለተኛው ዙር ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴትዮም የሥራ ልምዴን ትታ፣ ሦስተኛው ስኒ እስኪመጣ ድረስ እንዴት እንደታገሥሁ ብቻ ስትጠይቀኝ ዋለች።

ማርች ላይ ስልክ ተደወለልኝ፤ ተቀብለውኛል። እየሮጥሁ እናቴ ዘንድ ስገባ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ገባሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ቀስ በል፤ ጎረቤት ይሰማሃል» አለችና አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና መቼ እንደምመረቅ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ በመጪው መስከረም ገደማ እንደሚጀመርና ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ነገርኋት።

«እኔ ለሰው የነገርሁት በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ነው» አለችኝ። «አንዱን ዓመት እንዲቀንሱልህ ማመልከት አይቻልም?»