የልጅ ቁጥር ማነስ አልማዝ ባለጭራን ያበዛል?

ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሥራ ናቸው። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ሲድን ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲከዳ በአንድ ጎን አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይፈነዳል። ድሬዳዋ የሚሠሩ አንድ የስታቲስቲክስ መምህርና አንዲት ነርስ በርዕሱ ጥያቄ ላይ አልተስማሙም።

መምህሩ፦ ያበዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሆፕ ሲምፕሰን በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳነሳው፣ ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር የሚውል አዋቂ የተኛውን ቫይረስ የሚጠብቅለት መከላከያ ይታደስለታል። ልጅ ሲያንስ ጉድፍ ያንሳል፤ ጉድፍ ሲያንስ ጠባቂው ያንቀላፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 7.2 ልጅ ስትወልድ እዚህ ድሬ 3.1 ነበር። ገንደ ቆሬ አንድ ግቢ ውስጥ ሕፃን ሲታመም አያትም አክስትም አብረው ይነካኩት ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ልጅ ይዞ በሩን የዘጋ ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ነርሷ፦ አቦ መምህር፣ ቀመርህ ያምራል፤ መረጃው ግን አላገዘህም። አሜሪካ የጉድፍ ክትባት በ1995 እ.ኤ.አ. ጀመረች፤ ጉድፍ ከዚያ ወዲህ ጠፋ ማለት ይቻላል። የተፈራው የአልማዝ ባለጭራ ማዕበል ግን አልመጣም። ጭማሪው አለ፣ ግን ከክትባቱ በፊት የጀመረ ነው።

መምህሩ፦ ከክትባቱ በፊትም ልጅ እየቀነሰ ነበራ!

ነርሷ፦ የሚኒሶታዋ ሮቸስተር መዝገብ ከ1945 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ከአራት እጥፍ በላይ ጭማሪ ያሳያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እኮ አሜሪካ ልጅ በልጅ ነበረች። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሸሚዙን ሲገልጥ ከጀርባው እስከ ጡቱ ሥር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተደርድሯል፤ ላዩ ላይ ቅባት ተለድፎበታል፣ ሳምንት አልፎታል። የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪር ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ደህና የሚሠራው። የሚያዘገየው «ኤችአይቪ አለበት ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ነው። ኤችአይቪ አንዱ መንስኤ ነው እንጂ ዕድሜ ብቻውንም ይበቃል።

መምህሩ፦ ዕድሜ ካልሽማ ወደ እኔ መጣሽ። ወሊድ ሲቀንስ ውሎ አድሮ ከሕዝቡ ውስጥ የአዛውንቱ ድርሻ ይጨምራል። ሆፕ ሲምፕሰን ቢሳሳት እንኳ ይህ አይቀርም።

ነርሷ፦ እሱ ሂሳብ ነው፣ አልከራከርህም። እኔን የሚያስፈራኝ ጉድፉ ነው። በሞቃት አገር ጉድፍ ብዙ ሰው የሚይዘው ከአውሮፓ ዘግይቶ ነው፤ ልጅ ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። አዋቂን ሲይዝ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፤ እርጉዝ ሴትንማ አታንሳብኝ። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ የለም።

መምህሩ፦ ቢገባስ? ግማሹን ልጅ ብቻ ከከተብሽ የቀረው ትልቅ ሆኖ ነው የሚያዘው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 80 በመቶ ሽፋን የሚለው ለዚህ ነው።

ነርሷ፦ እኔም ከሕፃናቱ እንጀምር አላልኩም። መጀመሪያ ጉድፍ ያልወጣባቸው የጤና ባለሙያዎችና ገና ያላረገዙ ሴቶች ይከተቡ።

መምህሩ፦ ያልወጣበትን በምን ትለዪዋለሽ?

ነርሷ፦ እናትን ጠይቄ። ወጥቶበታል ካለች አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት። አልወጣበትም ካለች ግን አላምናትም፤ ደም ነው የማስመረምረው።